ኮት ላይ የተቦካ ሊጥ

የስካውት ካምፕ ሲባል ብዙ ሰው ፊት ድቅን የሚለው ድንኳን፣ ትልቅ እሳትና የፊሽካ ድምፅ ነው። ድንኳኑ ለዝናብ፣ እሳቱ ለብርድ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምስጢር የላቸውም። እኔ ስለ ካምፕ ስጠየቅ የምጀምረው ከሊጡ ነው።

የመጀመሪያው ካምፕ የተተከለው በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ፑል ወደብ ውስጥ ባለችው ብራውንሲ ደሴት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 እስከ 8 ቀን 1907 የስካውት መሥራች ሮበርት ባደን ፓወል ሃያ ያህል ወንዶች ልጆች ይዞ ሰፈረ። አንዳንዶቹ እንደ ኢተንና ሃሮው ባሉ የባለጸጋ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ፣ ሌሎቹ ከቦርንማውዝና ከፑል የመጡ የሠርቶ አደር ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር እነዚህ ልጆች አንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር።

ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው ባደን ፓወል ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ከዘመተበት ያመጣው የኩዱ ቀንድ ነው። ኩዱ የሚሉት የእኛው አጋዘን ነው። ይኸው ቀንድ በ1929 እንግሊዝ አገር በአሮው ፓርክ የዓለም ስካውቶች ሲሰበሰቡ ተነፍቷል። መቶኛው ዓመት በ2007 ሲከበርም እዚያው ብራውንሲ ላይ በማለዳ ቀንድ ተነፋ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ልጆቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ፦ ተኩላ፣ ቁራ፣ ኮርማ፣ እና ከርልው የምትባለው ምንቃረ ረጅም የባሕር ዳር ወፍ። ተኩላዎቹ ትከሻቸው ላይ ሰማያዊ የሱፍ ክር፣ ቁራዎቹ ቀይ፣ ኮርማዎቹ አረንጓዴ፣ ከርልዎቹ ቢጫ አሰሩ። የየቡድኑ አለቃ ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ነው። ስካውት ማለት ትንሽ ወታደር ማለት ነው የሚሉ ሰዎች እዚህች ላይ ቆም ቢሉ ደስ ይለኛል። ባደን ፓወል የደቡብ አፍሪካዋን ከተማ ማፌኪንግን 217 ቀን ተከቦ የተከላከለ ጄኔራል ነው፤ ሰልፍ ማሰለፍ አያቅተውም። እሱ ግን አዛዥነቱን ቆርሶ ለልጆች ሰጠ። እያንዳንዱ ቡድን በተራው ዱቄት፣ ሥጋ፣ ድንችና ክብሪት ተቀብሎ ከሰፈሩ ርቆ ያድራል፤ ዘበኛ ያቆማል፤ ራቱን ራሱ ያበስላል። አብሳይ አይከተለውም።

ዳቦውስ? በ1908 በወጣው የስካውቶች መጽሐፉ ዘዴውን አስቀምጦታል። ኮትህን አውልቀህ ውስጡን ወደ ላይ አድርገህ መሬት ላይ ታነጥፋለህ፤ ዱቄቱን እዚያ ላይ ከምረህ፣ ውኃ ጠብ እያደረግህ ታቦካለህ። ውስጡ ወደ ላይ የሚሆነው ኋላ ስትለብሰው ቆሻሻው እንዳይታይ ነው። ሊጡን እንጨት ላይ ጠምጥመህ እሳት ዳር ትተክላለህ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ብርኩታ ነው። የእኛ መንገደኛና ዘማች ሊጡን የሚጠመጥመው በጋለ ድንጋይ ላይ ነው፤ ፍም ውስጥ ሲገባ ከውጭ እሳቱ፣ ከውስጥ ድንጋዩ ያበስለዋል። በእንጨት የተጠመጠመው ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ነገር ብርኩታ ይበልጣል፤ ማንም ቢከራከረኝ ሞክሬ አይቻለሁ።

በአገራችን ስካውት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነበረ፤ ዛሬም አለ። ችግሩ ያለው ለልጆች ካምፕ እናዘጋጃለን በምንለው ትልልቆች ላይ ነው። አንድ ጊዜ አብሬ የወጣሁበት ካምፕ ምግብ አብሳይ ተቀጥሮ፣ ልጆቹ ሰሃን ይዘው ተሰልፈው ሲጠብቁ አየሁ። እንዲህ ከሆነ ቤታቸው ቢውሉ ምን ነበረበት? ልጅ እሳት እንዳይነካ እየጠበቅን፣ እሳት አያያዝ አያውቅም ብለን እናማዋለን።

በሌላ ጊዜ ስድስት ልጆች ብርኩታ እንዲሞክሩ ዱቄት ሰጠኋቸው። አለቃቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጡ አልነገርኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከወንዝ ለቅመው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ጥቂት ቆይቶ ጧ! አለና ፍሙን በተነው።

“ጋሼ፣ ድንጋዩ ፈነዳ!”

ማንንም አልነካም፣ ተመስገን። የወንዝ ድንጋይ በውስጡ ውኃ ያዝላል፤ ሲግል እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይሰነጥቀዋል። ይህን የምታውቁ ሁሉ ከእሳቱ በፊት ንገሩ። ልጆቹን ወደ ኋላ አድርጌ እሳቱን አጠፋን። ከዚያ አለቃው ወደ ኮረብታው ወጥቶ፣ ከደረቅ መሬት ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ እየመረጠ ያወርድ ጀመር። አንዱን ከሌላው ጋር እያጋጨ ድምፁን ሲያዳምጥ አየሁት፤ እኔ አላስተማርኩትም። እንደገና አነደዱ። እኔ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከማብሰሉ ይብስ ነበር። የመጀመሪያው ብርኩታ አመድ በአመድ ሆኖ ወጣ፤ አራግፈው ለስድስት ተቃመሱት።

የስካውት ሰፈር ሲነሣ ሁለት ነገር ብቻ ትቶ እንዲሄድ ይጠበቃል፦ ባዶ መሬትና ለባለቤቱ ምስጋና። በማግስቱ አመዱን ቀብረው፣ ሣሩን አቃንተው ጨረሱና አለቃው ድንጋዮቹን በነጠላ ቋጥሮ ኮረብታውን ሲወጣ ተከተልኩት። እያንዳንዱን ካነሣበት ጉድጓድ እየመለሰ፣ ጥላሸት የያዘውን ፊት ወደ መሬት ያዞረው ነበር።