ታንኳን በመኪና ጭኖ ስለ መውሰድ

ታንኳ በውሃ ላይ ሳለ ሸክም ተሸካሚ ነው፤ ከውሃ ወጥቶ በመኪና ላይ በተጫነ ጊዜ ግን ራሱ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ላይ በመቅዘፍ የታወቀ ሰው ሁሉ ታንኳን በየብስ መውሰድን ያውቃል ማለት አይደለም። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ ዳርቻ፥ ይልቁንም በደራና በፎገራ ወረዳዎች፥ የዚህ ነገር ዕውቀት ለሹማምንት እጅግ የሚያስፈልግበት ወራት ክረምት ነው።

ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ዝናም በበረታ ጊዜ ከአልጋቸው ወጥተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ውሃ የከበበውን ሰው ለማውጣት ታንኳ ይፈለጋል፤ ታንኳው ግን የሚገኘው በሐይቁ ዳር ነው። ስለ ሆነም በተለምዶ ፒክአፕ በሚባለው መኪና ተጭኖ ወደ ሐሙሲት ይወጣል፤ ከዚያም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ጉማራን ተሻግሮ ወደ ወረታ ይሄዳል። ሰው ሊያድን የተላከ ታንኳ በመንገድ ላይ ወድቆ ሰው ቢገድል፥ ወይም ተሰብሮ ቢደርስ፥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። በሙያውም ከጥንት ጀምሮ የታወቁት የወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገል ሲደርቅ ቀላል፥ ውሃ ሲጠጣ ግን ከባድ ነው። የዚህን ነገር ማስረጃ በሩቅ አገርም ማግኘት ይቻላል። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ ከጣና በተወሰደ ደንገል በግብፅ አገር ራ የተባለች መርከብ አሠርቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሊሻገር ተነሣ፤ ነገር ግን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ የመርከቢቱ የኋላ ወገን ስለ ሰጠመ ሳይደርስ ሊተዋት ግድ ሆነበት። ስለዚህም የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥተው በማቆም ያደርቁታል። ለመኪናም የሚጫነው እንዲህ የደረቀው ነው፤ እርጥቡ ለመኪናው ይከብዳል፤ ገመድም ቶሎ ይጎዳዋል።

ማድረቅ ሌላ ታላቅ ጥቅም ደግሞ አለው። እምቦጭ የሚባለው ዐረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቆቃና በአዋሽ ውሃ ላይ ታየ፤ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሙቀትና ምግብ ባገኘ ጊዜ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል፤ ከተቆረጠ ቁራጭ ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ በታንኳው ወለል የቀረ አንድ ሥር፥ ወይም በጭቃ የተለወሰ ገመድ፥ ዐረሙን ወደ ንጹሕ ኩሬ ወይም ወደ ግድብ ውሃ ለማሻገር ይበቃል። ስለዚህ ማናቸውም ታንኳ ወይም ጀልባ ከሐይቁ ዳር ሳይነሣ ውስጡና ውጭው ይታይ፤ ሣርና ጭቃው ይራገፍ፤ በውስጡ የተጠራቀመው ውሃ እዚያው ይፍሰስ፤ መቅዘፊያውና ገመዱም ይታጠብ። የተለቀመው እምቦጭ ከውሃ ርቆ በፀሐይ ደርቆ ይቃጠል እንጂ በመንገድ ዳር ቦይ አይጣል።

ከጽዳት በኋላ የሚመጣው አጫጫኑ ነው። የታንኳው ርዝመት ከመኪናው የጭነት ሳጥን ስለሚበልጥ፥ ሳጥኑ ላይ ብቻ ቢጋደም የኋላው ወገን ተንጠልጥሎ መኪናው በነጠረ ቁጥር ይሰበራል። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ ከጋቢናው ጣራ ትንሽ ከፍ የሚል ጠንካራ ርብራብ ከፊትና ከኋላ ይሠራ፤ ርብራቡም በመኪናው አካል ላይ በሚገባ ይጠበቅ። ታንኳው የሚያርፍበት እንጨት በጆንያ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅለል። የእንጨት ጀልባ ከሆነ ዝናም እንዳይሞላበትና ነፋስ ከሥሩ ገብቶ እንዳያነሣው ተገልብጦ ይጫን።

ስለ ማሰሩም ይህን መጠንቀቅ ይገባል። ሁለት ሰፋፊ የሸራ ጠፍሮች ታንኳውን ከላይ ወደ ታች፥ አንዱ በፊተኛው አንዱ በኋለኛው ርብራብ ላይ፥ አጥብቀው ይያዙት። ቀጭን ሽቦና ሲባጎ ደንገሉን ስለሚቆርጡ አይጠቅሙም። ታንኳው ራሱ የተሠራበት ልጥ እንደ ማሰሪያ ቦታ አይቆጠር፤ ልጡ ቢበጠስ ታንኳው ይበተናልና። ሁለቱ ጠፍሮች ግን ብቻቸውን አይበቁም። መኪናው በሮጠ ጊዜ ነፋስ የታንኳውን ግንባር ወደ ላይ ይገፋል፤ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ደግሞ ታንኳው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ስለዚህ የፊቱ ጫፍ ከመኪናው ፊት፥ የኋላውም ጫፍ ከመኪናው ኋላ በየራሱ ገመድ ይታሰር። ወደ ኋላ በተረፈው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠል። የቀርከሃው መቅዘፊያ ለብቻው ይታሰር፤ በታንኳው ላይም ሰው ፈጽሞ አይቀመጥ።

ሹፌሩ ከተነሣ በኋላ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ይቁምና ማሰሪያውን ሁሉ በእጁ ይፈትን፤ ገመድ በጉዞ መጀመሪያ ይላላልና። በሐሙሲት የገበያ ቀን አህያና ሰው መንገዱን ስለሚሞሉት በዝግታ ይለፍ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ እንደ ሆነ፥ ከፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ስለሚደርስ፥ በዳገቱ ታንኳው ወደ ኋላ፥ በመልሱም ቁልቁለት ወደ ፊት እንደሚሳብ ያስብ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረድ።

ይህ ሁሉ የጎርፍ ጩኸት በተሰማ ሌሊት የሚጀመር ሥራ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በዚያ ሰዓት ርብራብ የሚያሠራና ጠፍር የሚፈልግ ሹም ሰዎቹን በጣራ ላይ ያሳድራል። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ርብራቡ ተሠርቶ፥ ጠፍሩና ገመዱ ተቆጥሮ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ የየትኛው ቀበሌ ታንኳ ደርቆና ጸድቶ እንደሚቆይም ከባለታንኳዎቹ ጋራ ይወሰን፤ ሹፌሩም አንድ ቀን በበጋ ጭኖ ይለማመድ። እንዲህ የተዘጋጀ ወረዳ ታንኳውን በደኅና ያደርሳል፤ ከታንኳው ጋራም ለሌላው ውሃ ጠንቅ የሚሆን ዐረም አይልክም።