ልብ ለኩላሊት ስለሚልከው መልእክት

በአማርኛችን ልብ የአሳብና የማስተዋል ማደሪያ ሆኖ ይነገራል፤ ልበ ሰፊ፣ ልበ ቅን፣ ልበ ደንዳና መባሉ ይህን ያስረዳል። የሕክምና ሊቃውንት ግን ብዙ ዘመን ልብን የቈጠሩት ደም እንደሚገፋ መሣሪያ ብቻ ነበር። ኋላ በተደረገው ምርመራ ልብ ደምን ከመግፋቱ በላይ የደሙን ልክ የሚጠብቅ አዛዥ መሆኑ ታወቀ።

ይህን ለማስተዋል ከጨው መጀመር ይገባል። በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሌሎቹም የሐድያና የከምባታ ከተሞች ከቆጮ ጋራ የሚቀርበው ክትፎ ሚጥሚጣ አይለየውም፤ በሚጥሚጣውም ውስጥ ጨው አለ። ቡናን በጨው መጠጣትም የቈየ ልማድ ነው። ጨው ለሰውነት የሚያስፈልግ ነው፤ ሲበዛ ግን ውሃን ወደ ራሱ ስለሚስብ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል።

ልብም ይህን ዝም ብሎ አይመለከትም። ወደ እርሱ የሚመለሰው ደም ሲበዛ የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ግድግዳ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ያከማቸውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞን ማለት ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወጥቶ በደም እየተጓዘ ለሌላው ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ይህም ሆርሞን ኩላሊት ጨውንና ውሃን በሽንት እንዲያወጣ ያደርጋል፤ የደም ሥሮችን ያላላል፤ ጨው በሰውነት እንዲቀር የሚያዙትን ሬኒንና አልዶስትሮን የተባሉትንም ይገታል። በዚህም የደሙ ብዛትና ግፊቱ ይቀንሳል። የዳዊትን መዝሙር የሚደግሙ ሰዎች ልብና ኩላሊት አብረው ሲጠሩ ያውቃሉ፤ ሳይንስም ሁለቱ የሚላላኩ መሆናቸውን አገኘ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ብሩኖ ኪሽ የተባለው ሊቅ በላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ በዕጢ ውስጥ እንዳሉት ያሉ ጥቃቅን ፍሬዎችን አየ። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ አገር አዶልፎ ዴ ቦልድና ባልደረቦቹ ከአይጥ ልብ ላይኛ ክፍል የተዘጋጀውን ጭማቂ በሌሎች አይጦች ደም ሥር አስገቡ፤ በሽንት የሚወጣው ጨው ከ30 እጥፍ በላይ፣ ሽንቱም 10 እጥፍ ያህል ጨመረ። በ1988 ዓ.ም. የጃፓን ሊቃውንት ሁለተኛውን ሆርሞን በዐሣማ አንጎል ውስጥ አገኙ፤ ይልቁንም የሚመነጨው ከታችኞቹ የልብ ክፍሎች መሆኑ ኋላ ታወቀ።

በሆሳዕና በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተሰየመ ነው። እሌኒ ከሐድያ ገራድ የተወለደች፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳሉ መንግሥቱን በምክርና በብልሃት የጠበቀች ናት። ምክር ግን የሚጠቅመው ሰሚ ሲያገኝ ነው። የልብም ነገር እንዲሁ ነው። ግፊቱ ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ልብ በደከመ ጊዜ መልእክቱን አብዝቶ ይልካል፤ ኩላሊት ግን እንደ ቀድሞው አይታዘዝለትም። እግር ያብጣል፤ ሰውየው ተጋድሞ መተንፈስ ይቸግረዋል። ሐኪሞችም የሆርሞኑን መብዛት በደም ምርመራ አይተው የልብን ድካም ያውቃሉ።

የደም ግፊት ክፋቱ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም መኖሩ ነው። ጤነኛ የሚመስለው ሰው ሳይለካው ይቈያል፤ የታወቀበትም መድኃኒቱን ጥቂት ወስዶ፣ ሕመም አልተሰማኝም ብሎ ይተወዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጐልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት የግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው እንዳይጠፋ፣ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥ ሊተጉ ይገባል። ካህናትና መምህራንም ጸሎትና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ጠበል የሚጠጣ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን እንዳይተው ለሕዝቡ ቢያስተምሩ ብዙዎችን ከድንገተኛ ሞት ያድናሉ። ልብ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል፤ ሸክሙን ማቅለል ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።