ከፕላዝማው መምህር እስከ መድረሳቲ

የሪያዱ መላዝ ሰፈር ከትምህርት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመንግሥት ሠራተኞች እንዲኖሩበት ታቅዶ ተሠራ፤ በ1957 የተመሠረተው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲም ወደ አዲሱ ግቢው ከመዛወሩ በፊት ለብዙ ዓመታት የነበረው እዚያው ነው። በማርች 2020 ኮሮና የሳዑዲን ትምህርት ቤቶች ሲያዘጋ የመላዝ ልጆችም ቤት ዋሉ። በኦገስት መጨረሻ አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲጀመር የጠበቃቸው ክፍል «መድረሳቲ» የተባለው የኢንተርኔት መድረክ ነበር። በመላ አገሪቱ 6 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በዚህ መድረክ ቀጠሉ። ከ12 ዓመት በታች ያሉት ወደ ክፍላቸው የተመለሱት በጃንዋሪ 2022 ስለሆነ፣ ብዙ ሕፃናት ማንበብ የጀመሩት በስክሪን ፊት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስክሪን አስተማሪ ሲሆን ያየነው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከ2004 ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ፤ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። ላብራቶሪ ረግጦ የማያውቅ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ በዓይኑ አየ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ላሳንሰው አልፈልግም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የፕላዝማው መምህር «ይህን ሥሩ» ይልና ጥቂት ይጠብቅ ነበር፤ ተማሪው ጨረሰም አልጨረሰም መልሱን ተናግሮ ያልፍ ነበር። ማን እንደገባው፣ ማን እንደጠፋበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህርም ስርጭቱን አስቁሞ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር።

ይህ ለምን ጎጂ እንደሆነ የሚያስረዳ ሳይንስ አለ። አእምሯችን አዲስ ነገር ተቀብሎ ለጊዜው የሚያቆይበት ክፍል በጣም ጠባብ ነው። ኔልሰን ኮዋን የተባሉት ሳይኮሎጂስት በ2001 ባሳተሙት ሰፊ ዳሰሳ፣ በአንድ ጊዜ አጥብቀን የምንይዘው 4 ያህል ነገር ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚያስተምሩት ሪቻርድ ሜየር ደግሞ በሥዕልና በድምፅ የሚሰጥ ትምህርትን ለአሥርተ ዓመታት መርምረዋል። ሥዕሉ በዓይን፣ ማብራሪያው በጆሮ ሲመጣ ጭነቱ ስለሚከፋፈል ተማሪው ይበልጥ ይረዳል። ያው ማብራሪያ በድምፅ እየተነገረ ስክሪኑ ላይም ቃል በቃል ከተጻፈ ግን ዓይን በጽሑፉና በሥዕሉ መካከል ይዋልላል። ለማሳመር ብቻ የገባ ሙዚቃና ተንቀሳቃሽ ሥዕልም ትምህርቱን ይቀንሰዋል። ትምህርቱ አጫጭር ሆኖ ሲቆራረጥና ተማሪው ራሱ «ቀጥል» የሚለውን ሲጫን ውጤቱ ይሻሻላል። ፕላዝማው የነፈገው አንዱ ነገር ይኸው ነበር።

ከሥዕልም ከድምፅም የበለጠ የሚሠራው ግን ጥያቄ ነው። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች አስነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 ከመቶ፣ ከትውስታቸው የጻፉት 75 ከመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት ወደ 42 ከመቶ ሲወርዱ የጻፉት 56 ላይ ቆዩ። መልስን ከራስ ፈልጎ ማውጣት በራሱ ትምህርት ነው ማለት ነው።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 ጀምሮ ክፍላቸውን ያደራጁት በዚሁ ነው። አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ለየራሱ ይመልሳል። ትክክለኛውን ያገኙት ከ30 ከመቶ በታች ከሆኑ እንደገና ያስረዳሉ፤ ከ70 በላይ ከሆኑ ያልፋሉ፤ በመካከል ከሆነ ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተከራክረው ዳግም ይመልሳሉ። ተማሪዎች በስልክ ወይም በኮምፒውተር ጥያቄ የሚመልሱባቸው መተግበሪያዎች፣ ከኖርዌይ የመጣው ካሁት፣ ከስዊድን የመጣው ሜንቲሜተር፣ ኒርፖድም ጭምር ለመምህሩ የሚሰጡት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ የመላውን ክፍል መልስ ወዲያው ያሳዩታል። እጅ ማውጣት የሚያፍረው ልጅ እንኳ ተቆጥሯል።

በሪያድ ላሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ የሚያስተምር ሰው ይህን በፊደል ሊሞክረው ይችላል። መደበኛው ዓረብኛ «ፐ» እና «ቸ» የሉትም፤ እንደ «ጨ»፣ «ጠ» እና «ጰ» በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆችም የሉትም። በትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ዓረብኛ ሲሰማ የሚውል ልጅ «ጨው» እና «ቸር» የሚጀምሩበትን ድምፅ ቢያምታታ አይገርምም። ስላይዱ ላይ 231 ፊደላትን መደርደር አይጠቅመውም። የ«ጨ»ን ድምፅ አሰሙት፤ «ጨ» እና «ቸ»ን ብቻ አሳዩት፤ የትኛው እንደሆነ ይንካ። ግማሹ ክፍል «ቸ»ን ከነካ፣ የዕለቱ ትምህርት ምን እንደሆነ ታወቀ። አዲስ አበባና ሪያድ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ፣ አገር ቤት ያለ መምህርም በቀጥታ ሊገባበት የሚችል ክፍል ነው። ልጆቹ ሲገቡ ሙሉ ስማቸውን ሳይሆን የቅጽል ስም ይጻፉ፤ በኢንተርኔት ላይ የሕፃን ስም መበተን የለበትም።

ኢንተርኔት በሌለበት የገጠር ክፍልስ? ናትናኤል ላስሪ የተባሉ የፊዚክስ መምህር በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በኤሌክትሮኒክ መመለሻ የተማሩትና ፊደል የተጻፈበት የወረቀት ካርድ ከፍ እያደረጉ የመለሱት በትምህርት ውጤታቸው የጎላ ልዩነት አላሳዩም። መሣሪያው ለመምህሩ ቆጠራውን ያፋጥንለታል፤ መልሱን ይመዘግብለታል። ተማሪው የሚያገኘውን ጥቅም ግን ካርቶን ቆርጦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የጻፈ የደብረ ታቦር መምህርም ሊሰጠው ይችላል።

ስለዚህ በመላዝም ሆነ በአገር ቤት የምታስተምሩ ሁሉ፣ ለሚቀጥለው ክፍል ስላይድ ከማስዋባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ወላጆችም ልጃችሁ ከስክሪን ፊት ሲነሳ «ምን አየህ?» አትበሉት፤ የተማረውን ሳያይ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።