ንብረትና መንግሥት፤ ማን ማንን ይቀድማል?

ስለ ግል ንብረት የተጻፈው ፍልስፍና ቢበዛም ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ንብረት መንግሥት ከመኖሩ በፊት የነበረ መብት ነው ወይስ መንግሥት ያበጀው ሥርዓት? ግብር ምን እንደሆነ፣ መሬት ለልማት ሲወሰድም ባለይዞታው ምን ሊጠይቅ እንደሚችል የሚወሰነው በመልሱ ነው።

ግሪኮቹ ይበልጥ ያሳሰባቸው የገዥዎች ጠባይ ነበር። ፕላቶ የከተማዋ ጠባቂዎች የራሳቸው ቤትና ወርቅ እንዳይኖራቸው ፈለገ፤ ንብረት ያፈራ ጠባቂ በሕዝቡ ላይ ጌታ ይሆናል ብሎ ሰጋ። ተማሪው አርስቶትል ደግሞ የሁሉም የሆነ ነገር ተንከባካቢ ያጣል ሲል ተቃወመው።

ጥያቄው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ፣ ንጉሥና ፓርላማ በተዋጉበት ዘመን ነው። ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 በታተመው «ሌዋታን» ሕግ አስከባሪ በሌለበት የእኔና የአንተ የሚባል ነገር የለም አለ። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ሰው ንብረቱን ከጎረቤቱ መከላከል ይችላል፤ ከሉዓላዊው ገዥ ግን አይችልም።

ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ለንባብ በበቃው ስለ መንግሥት በጻፈው ሥራው ነገሩን ገለበጠው። ምድር ለሰው ልጆች በጋራ ብትሰጥም ሰው የገዛ አካሉና የጉልበቱ ባለቤት ነው፤ ጉልበቱን ያፈሰሰበት መሬት፣ ለሌሎችም በቂና ያንኑ ያህል ጥሩ እስከተረፈ ድረስ፣ የእርሱ ይሆናል። መንግሥት የሚቋቋመው ይህን ለመጠበቅ ስለሆነ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ግብር መጣል አይችልም። ሐሳቡ የሚያርሰውን ሰው ክብር ስለሚያነሣ ልብ ይነካል። ነገር ግን ሎክ አገልጋዩ የቆረጠውን ሣር የጌታው ንብረት አድርጎ ቆጥሮታል፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የኖሩበትን ያልታረሰ ምድርም ባድማ አስመስሎታል። አዳኝና አርብቶ አደር በዚህ መስፈሪያ ሁልጊዜ ከሳሪ ነው፤ የንድፈ ሐሳቡ ከባዱ ጉድለትም ለእኔ ይህ ነው።

ከእርሱ በኋላ ዴቪድ ሂዩም ንብረትን ለጋራ ጥቅም ቀስ በቀስ የዳበረ ልማድ አደረገው። ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1755 መንግሥትን ሀብታሞች ድሆችን አግባብተው ያጸኑት ውል አድርጎ ሣለው። ካንት ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ሞከረ፦ ከመንግሥት በፊት ይዞታ አለ፣ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የሚጸናው በጋራ ሕግ ሥር ብቻ ነው። ማርክስና ኤንግልስ ደግሞ መንግሥትን ባለንብረቱ መደብ የሚገዛበት መሣሪያ አድርገው አዩት።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮበርት ኖዚክ ከደመወዝ የሚቆረጥ ግብርን ከግዳጅ ሥራ ጋር አስተካከለ። ሊያም መርፊና ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ2002 መለሱለት፦ ገበያውንና ውሉን የሚያቆመው በግብር የሚተዳደር መንግሥት ስለሆነ ከግብር በፊት የራሴ ነበር የሚባል ገቢ የለም።

እኛ ዘንድ ርስት በዘር ሐረግ፣ ጉልት ከንጉሥ ይገኝ ስለነበር ክርክሩ እንግዳ አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ሁለቱንም አከተመባቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ የግል ንብረትን በጉልበት፣ በፈጠራ ወይም በካፒታል የተገኘ ፍሬ ብሎ ሲተረጉም ሎክን ያስታውሳል፤ መሬትን ግን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ከሎክ ይለያል። ልዩነቱ በካሳ ላይ በግልጽ ይታያል። በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለሚነሣው ገበሬ ያለፉትን 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 አባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ፤ የተሰላው ምርቱ ነው፣ መሬቱ ራሱ ዋጋ አልነበረውም። ያንኑ ቦታ ባለሀብት በሊዝ ሲወስደው ግን ዋጋ ይወጣለታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማን እንደሆነ ሆብስም ሎክም የተለያየ መልስ አላቸው፤ ገበሬው የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።