መርጡለ ማርያምን በእግር መጐብኘት

በመንግሥት ሥራ ምክንያት ወደ ክፍለ ሀገር የሚላክ ሰው ብዙውን ጊዜ ካደረበት ሆቴል ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም ወደ ሆቴሉ ሲመላለስ ሰንብቶ የውሎ አበሉን ሒሳብ አወራርዶ ይመለሳል። አገሩ እንዴት ነው ተብሎ ቢጠየቅ የሚያወራው ስለ መንገዱ አስቸጋሪነትና ስለ ምግቡ ነው። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ነገር ግን አንድን ሰፈር በእግር ዞሮ ማየት ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን የነገረው የለም። በዛሬው ንግግራችን ይህን ዕውቀት በአንዲት ትንሽ ከተማ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ከተማዪቱም በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው መርጡለ ማርያም ናት።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዐባይን የተሻገረ መንገደኛ ከደጀን ወደ ብቸና ቢታጠፍ፣ መንገዱ በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ያወጣዋል። መርጡለ ማርያም ከዚህ መንገድ በስተ ምሥራቅ ገባ ብላ፣ አገሩ ወደ ዐባይ በሚያዘነብልበት በኩል የተቀመጠች የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት ጕዞ ብዙ ጊዜ ሲቋረጥ ስለ ቈየ፣ ለመሄድ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ማጣራት ይገባዋል።

ከተሞቻችን የተቈረቈሩበት ምክንያት አንድ ዐይነት አይደለም። ድሬዳዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው፤ አዲስ አበባ በፍል ውሃውና በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሰፋች። መርጡለ ማርያም ግን የደብር ልጅ ናት። መርጡል በግእዝ ድንኳን ወይም አዳራሽ ማለት ሲሆን፣ ስሙ ሲተረጐም የማርያም አዳራሽ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ጐብኚው ከተማዪቱን የሚረዳት ከአውቶቡስ መቆሚያው ወደ ውስጥ ሳይሆን ከደብሩ ወደ ውጭ ሲያያት ነው። ደብሩ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያ የካህናቱና የተማሪዎቹ መኖሪያ፣ ከዚያ ገበያው፣ በመጨረሻም ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱና የቆርቆሮው ቤት መጣ። የዛፍ ግንድ ሲቈረጥ ዕድሜው በቀለበቱ እንደሚቈጠር ያለ ነው፤ ወደ መሐል በቀረብን ቍጥር ዕድሜው ይጨምራል።

በደብር ሰፈር የሚዘዋወር ሰው አንድ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ያያል፤ እርሱም የቅኔ ተማሪ ነው። ደበሎውን ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ወይም ከካብ ጥግ ብቻውን የተቀመጠ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ የማይሰማ ወጣት ካዩ የታመመ ወይም የተከዘ እንዳይመስልዎ፤ ቅኔ እየቈጠረ ነው። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፣ ከፍ ካለ ዋዜማ ወይም ሥላሴ፣ ከበሰለም ረጅሙን መወድስ እያሰናዳ ይሆናል። ወረቀትና እርሳስ አይዝም፤ ቃሉን፣ ምቱን፣ ሰሙንና ወርቁን ሁሉ የሚያስማማው በራሱ ውስጥ ነው። በዚህ ሰዓት ደኅና ዋልክ ማለት እንኳ የግማሽ ቀን ድካም ሊበትንበት ይችላልና ዝም ብሎ ማለፍ ትልቅ ጨዋነት ነው። እኛ በቢሮ ሳለን ስልክ ሲጮኽብን የምንቈጣውን ያህል እርሱ መቈጣት አይችልም፤ ተማሪ ነውና።

ስለ ሰዓት ካነሣን አንድ ጠቃሚ ነገር እናክል። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚፈጸመው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ፣ ረቡዕ ወይም ዐርብ የሚመጣ ጐብኚ ካህናቱን በሥራ ላይ ያገኛቸዋል፤ ዕቃ ቤት ይከፈትልኝ ብሎ መጠየቅም ያን ጊዜ አይገባም። የደብሩ አለቃ ማዕረግ ርእሰ ርኡሳን ይባላል። አስቀድሞ ወደ እርሳቸው ወይም ወደ ቄሰ ገበዙ ቀርቦ አባቴ ብሎ ፈቃድ የሚለምን እንግዳ፣ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ከሚመዝ እንግዳ ይልቅ ብዙ ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በደብሩ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ አየት አድርጎት ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል። ጐብኚው ግን ቀረብ ብሎ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ቢመለከት፣ ሐረጉን፣ ጽጌረዳ የመሰለውን አበባ፣ እንደ ገመድ የተጠላለፈውን ቅርጽ ያያል። ድንጋይ እንደ ብራና ሐረግ ሲሳልበት ማየት በጣም ያስደንቃል።

ይህን ማን ሠራው? የደብሩ ትውፊት ጥንተ ነገሩን ከአብርሃና ከአጽብሓ ዘመን፣ ይኸውም ከአራተኛው መቶ ዓመት ይጀምረዋል። እንዲያውም ከዚያ በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩት ስፍራዎች፣ ማለት ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከዐባይ ማዶ በሳይንት ከምትገኘው ተድባበ ማርያም ጋር ይቈጥራታል። ስለ ድንጋዩ ሕንፃ ግን በጽሑፍ የሚነገርላቸው እቴጌ እሌኒ ናቸው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ሲሆኑ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ አገሪቱን በእንደራሴነት የመሩ፣ ማቴዎስ የተባለውንም አርመናዊ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል የላኩ ብልህ ሴት ነበሩ። ከዚያ መልእክት የተነሣ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እቴጌዪቱ በጎጃም ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸውን፣ የመንበሩም አሠራር በወርቅ የተዋበ መሆኑን ጽፏል። ስለ መንበሩ ምክር የሰጠው ከእርሱ በፊት መጥቶ ወደ አገሩ እንዳይመለስ የተከለከለው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ይህ ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም እንደ ሆነ ይናገራሉ።

ሕንፃው ሰላም አላገኘም። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ጉዳት ደረሰበት። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በስፍራው ላይ እንደገና ሠሩ፤ ሥራውን የመራው ብሩኖ ብሩኒ የሚባል ኢጣልያዊ ነበር። ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ ሕንፃው እንደገና ፈረሰ። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ጎጃም የሰነበተው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የደረሰው ፍርስራሽ ሆኖ ሳለ ነው፤ ያየውንም ጽፎ በ1847 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን ታተመለት።

እንግዲህ በአንድ ግድግዳ ላይ ቢያንስ የሁለት ዘመን እጅ አለ ማለት ነው። የትኛው ሐረግ የእሌኒ ጠራቢዎች፣ የትኛው የብሩኒ ሠራተኞች እንደ ሆነ ሊቃውንት ተከራክረውበታል። ክርክሩን ለመፍታት የሚያስችለው የድንጋዩ ማማር ሳይሆን አቀማመጡ ነው፤ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው በላይ፣ የትኛውስ ከየትኛው ጋር ተያይዞ እንደ ተካበ ነው። ይህን ለማስረዳት ከመንግሥት ሠራተኛ የተሻለ ሰሚ የለም። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከፋይሉ ወጥቶ ብቻውን የተገኘ ደብዳቤ ቍጥርና ማኅተም ቢኖረው እንኳ ከየትኛው ጉዳይ እንደ ነበር ካልታወቀ አይጠቅምም። የተቀረጸ ድንጋይም ከቦታው ተነሥቶ ለአጥር ካብ ወይም ለቤት መሠረት ቢውል፣ አልፎም በአንድ ባለሥልጣን ሳሎን ጌጥ ቢሆን፣ ውበቱ ይቀር ይሆናል፤ ምስክርነቱ ግን ይጠፋል። ሳሎን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ጠብቄዋለሁ ይል ይሆናል፤ እኛ ግን ይህን ዐይነቱን ጥበቃ አንመክርም።

ከዚህም የተነሣ ጐብኚው የሚጠቅም ሥራ ለመሥራት ከፈለገ የሚያስፈልገው ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ግድግዳውን ሳይነካ በርምጃ ይለካ፤ ፎቶግራፍ ሲያነሣ አበባውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትንም ድንጋዮች ያስገባ፤ ቀኑን ይጻፍ። ቢክ ያየውን መዝግቦ ባይተው ኖሮ ከእርሱ ዘመን ወዲህ የጐደለውን የምናመዛዝንበት አንድ ምስክር ይጐድለን ነበር። በመንደሩ ሲዘዋወር የተቀረጸ ድንጋይ በካብ ውስጥ ቢያጋጥመው፣ ከዚያ አያውጣው፤ ያለበትን ቦታ ለቄሰ ገበዙና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ።

ይህን ሲያደርጉ ቀኑ ይመሻል። ወደ ሆቴልዎ ከመመለስዎ በፊት የቅኔ መምህሩን አስፈቅደው ከጉባኤው ዳር ይቀመጡ፤ ቀን ከካብ ሥር ያዩዋቸው ተማሪዎች ተራ በተራ የቈጠሩትን ቅኔ የሚነግሩት መምህሩ ዘንድ ቀርበው ነው። ግእዙ ባይገባዎትም መምህሩ አንዲቱን ቃል ሲነቅፉና ተማሪው በሌላ ሲተካ ከፊታቸው ያስተውሉታል።