«ዕድሜህ ስንት ነው?»

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ሲጓዙ ሚኤሶን እንዳለፉ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል፤ ጭሮም ብቅ ትላለች። የዱሮዋ አሰበ ተፈሪ መሆኗ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ጫት የሚያስር፣ ውሃ ይዞ አውቶቡስ የሚከተል፣ ሸክም የሚያወርድ ልጅ አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱ በስልክ ሌብነት ተጠርጥሮ ተያዘ እንበል። ጣቢያ ላይ መዝገብ የያዘው ፖሊስ «ኡምሪን ኬ ሜቃ?» ይለዋል፤ ዕድሜህ ስንት ነው ማለቱ ነው። ልጁ ትከሻውን ይሰብቅና «አሥራ አምስት መሰለኝ» ይላል።

ነገሩ ሁሉ ያለው «መሰለኝ» ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው «ወጣት ጥፋተኛ» ይባላል፤ የአዋቂ ቅጣት አይፈረድበትም፣ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋርም አይታሰርም። 15ን ካለፈ ግን ገና 18 ሳይሞላው እንደ አዋቂ ይከሰሳል። ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞትም አይፈረድበትም፤ የልጅ ሥነ ሥርዓቱ ግን ቀርቶበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ከ18 በታች ያለውን ሁሉ ልጅ ይላል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች።

ያ የቀረበት ሥነ ሥርዓት ቀላል ነገር አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዕድሜውን ስናስበው ያስገርማል። ልጁ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰዳል፤ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠው ዳኛው ነው። ቀጠሮ ካስፈለገ ልጁ ለወላጁ ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ ከጠፉም ለታመነ ሰው። ነገሩ የሚሰማው በጽሕፈት ቤት፣ በዝግ ነው። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለት፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለታል። በአገራችን ብዙ ቦታ የሚታየው ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው፤ መጀመሪያ ጣቢያ ማደር፣ ከዚያ ቃል መስጠት፣ በመጨረሻ ዳኛ።

ዕድሜው በምን ይታወቅ? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ምዝገባው ሲጀመር የተወለደ ልጅ 9 ዓመት የሞላው በ2017 ማብቂያ ነው። ከእሱ ታላላቆች ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም፤ እናት ስትጠየቅም ልጇን የወለደችው «ዝናብ በጠፋበት ዓመት» ነው። ከዚያ ወደ ሐኪም ይላካል፤ ሐኪሙም ጥርስና አጥንት አይቶ ይገምታል። ግምቱ በአንድ ሁለት ዓመት ቢዛነፍ አያስደንቅም። መስመሩ 15 ላይ በተሰመረበት ሕግ ግን አንድ ዓመት ብዙ ነው።

ዳኛው ልጁን ጠባይ ማረሚያ ተቋም ላኩት ቢልስ? ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የነበረው እንዲህ ያለ ተቋም አንድ ብቻ፣ እሱም በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ልደታ የተቋቋመው ነው። ከጭሮ 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ለገለምሶ፣ ለበዴሳ ወይም ለሂርና ልጅ ደግሞ ያ ማለት እናቱ የማትደርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሕጉ ላይ የተዘረዘረው አማራጭ ዳኛው እጅ ላይ ሲደርስ ተግሣጽ ሰጥቶ ቤቱ መስደድ ወይም ማሰር ወደመሆን ይጠባል።

ጭሮን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው፤ ከሕግ ውጭ ማንም እንዳይያዝና እንዳይታሰር የሚለው ድንጋጌ እዚያ ውስጥ አለ። አጋጣሚ ነው፤ ከተማዋ ግን ብትኮራበት አይበዛባትም።

ዕድሜ አጠራጣሪ ሲሆን ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ የሚለውም ይኸንኑ ነው፤ ለወረዳ ዳኛ ደግሞ በጀት አይጠይቅም። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ የልጅዎ የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ወረቀት ሳጥን ውስጥ ካለ አይጣሉት። የልደት ምስክር ወረቀት ካላወጡለትም ነገ ቀበሌ ይሂዱ።