ጅቡቲ ወይስ ጂቡቲ?

የወደቧ ከተማ ስም በአማርኛ አንዳንዴ «ጅቡቲ»፥ አንዳንዴም «ጂቡቲ» ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1917 ከዚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ስለ ደረሰው የምድር ባቡር ማስታወሻ ሰብስበዋል እንበል። በከተማዪቱ ስም የሚጀምሩትን መስመሮች ለማውጣት በሼል ስክሪፕት ውስጥ ግሬፕን «^[ጅጂ]ቡቲ» ብለው ያዙታል። በአንዱ የሊኑክስ ማሽን መስመሮቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ በሌላው ግን አንድም አይወጣም። የስሕተት መልእክት እንኳ ስለሌለ ተማሪው «ማስታወሻው ውስጥ የለም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 የሆነ ማሽን ሦስቱን አንድ ፊደል አድርጎ ያነባል። ቅንብሩ «ሲ» የሆነው ግን እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ስለሚቆጥር፥ ቅንፉ ከ«ጅ» የመጀመሪያውን ባይት ብቻ ወስዶ ወዲያው «ቡ»ን ይፈልጋል፤ አያገኝም። በቀን በእጅ ሲታዘዝ የሠራ ስክሪፕት ሌሊት በክሮን ሲጠራ እንቢ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ማሽኑ የትኛው እንደሆነ «ሎኬል ቻርማፕ» የሚለው ትእዛዝ ይነግረናል። ቅንብሩን መለወጥ ካልተፈቀደልን ለግሬፕ የትልቁን «ኢ» አማራጭ ሰጥተን «^(ጅ|ጂ)ቡቲ» እንጻፍ፤ ይህ በሁለቱም ማሽን ይሠራል። ተማሪዎች «ሐረር»ንና «ሀረር»ን በዚሁ መንገድ ይሞክሩ።